ቁርጥሚቶች የወሰዱት ካስማ

ታላቁ መዘውር ዝም ባለበት ጠዋት የሰማዝ ውሾች ሁሉ ጮኹ። ከሰባት ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ያ መዘውር ከገደሉ ሥር ውሃ እየቀዳ ወደ ከተማይቱ ገንዳ ሲያወጣ ኖሯል። ሲጢጥታውን እየሰማ ያላደገ ሕፃን፣ እየሰማ ያልሞተ ሽማግሌ በጎርማን ምድር አልነበረም። ዝምታው ከጦር ነጋሪት ይበልጥ አስፈራ።

የመዘውሩ ሹም አባ ወርዳን ወጥቶ ሲያይ፣ መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው የነሐስ ካስማ በቦታው የለም። ርዝመቱ አንድ ክንድ ነው፤ ክብደቱ የጎረምሳ ወገብ ያጎብጣል። አዲስ ለማቅለጥ የአንድ ክረምት ሥራ ይጠይቃል። ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ደግሞ ጨረቃ እስክትሞላ ድረስ ብቻ የሚያደርስ ነበር።

በመዘውሩ መሠረት ላይ ጥንታዊ ትንቢት ተቀርጿል፤ «ታላቁን የሚያቆመው ታናሹ ነው» ይላል። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ታናሹ የጎረቤት አገር የኖብ ንጉሥ ነው ብለው ተርጉመውት ነበር፤ ሰውየው አጭር ስለሆነ። በዚህ ትርጓሜ የተነሣ የጎርማን ሠራዊት ግማሹ ዕድሜውን በኖብ ድንበር ላይ ጨርሷል።

ስለዚህ ንጉሥ አዛርያን ወዲያው ፈረደ። ወርዳን ካስማውን ለኖብ ሸጧል፤ ገንዳው የደረቀ ዕለት ከገደሉ ይወርወር አለ።

ያን ጊዜ የወርዳን ልጅ ሐመልት ከባለሰይፎች ረድፍ ወጣች። ሰይፍ ከታጠቀች ገና ዓመት አልሞላትም። በጎርማን ሕግ ባለሰይፍ ስሙ በሰይፉ ላይ ይቀረጻል፤ ሰይፉን ያጣ ስሙንም ያጣል። ሹመት አይሰጠውም፤ በስሙም ማንም አይጠራውም። ሐመልት ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትፈልግ ነበር፤ የአባቷን ሹመት መውረስ። መዘውሩን ከእሷ በላይ የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው።

መዳፏን ዘረጋች። በላዩ ላይ የተጨፈለቀ አተር ነበር። ከመዘውሩ ሥር አንሥቶ እስከ ገደሉ አፍ እንዲህ ያለ አተር ተነጥፏል፤ ካስማውን የወሰዱት ቁርጥሚቶች ናቸው አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቁርጥሚት ማለት ጡጫ የምታክል፣ ሰማያዊ ጭራ ያላት፣ እጇ የሰው እጅ የሚመስል የገደል እንስሳ ናት። የንጉሡን ጎተራ ስትዘርፍ ስንት ዘበኛ አሳፍራለች፤ ወጥመድ ብትጠመድባት ወጥመዱን ራሱን ይዛው ትሄዳለች።

ንጉሡ እንባውን ጠርጎ «አንድ ክንድ ነሐስ የሚሸከም አይጥ አሳዪኝና አባትሽን እለቅልሻለሁ» አለ።

«አልተሸከሙትም፣ ንጉሥ ሆይ። አተሩን ከሥሩ አንጥፈው አንከባለሉት። እኛ ከጎተራ የሚሰርቁትን ሁሉ ይበሉታል ብለን ነበር» አለች። ከዚያ ሰይፏን መዝዛ ማለች። «በዚህ ሰይፍና በላዩ ባለው ስሜ እምላለሁ፤ ካስማውን ሳልይዝ ከፊትዎ አልቆምም።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው ዱርማን ነው፤ ብዙ ጦርነት ያየ፣ ከጦሩ ይልቅ ምላሱ የሚዋጋ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ፈትል ነች፤ የመዘውሩን ገመዶች የምትገምድ፣ ብዙ የማትናገር ሴት። በእሷ ገመድ ተንጠልጥለው፣ የአተሩን ፍርፋሪ እየተከተሉ፣ ጉም ወደሚፈላበት ገደል ወረዱ። ንስሮች ከእግራቸው በታች ይዞሩ ነበር።

ቀትር ላይ አንድ ዐለት ጥላ ሥር አረፉ። ዱርማን ዳቦ ቆሎ ሊያወጣ ከረጢቱን ሲያነሣው ከበደው። በውስጡ የነበረው ጠጠር ነው። የከረጢቱ አፍ ግን እንደታሰረ ነበር።

ፈትል ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው። «የኔ ቋጠሮ ነው» አለች። «ከቤተሰቤ ውጭ ለማንም አስተምሬው አላውቅም።»

«እንግዲህ ዘመዶችሽ ናቸዋ» አለ ዱርማን። «ጥርሳችሁም ይመሳሰላል።»

ሐመልት አልሳቀችም። ቁርጥሚቶቹ ፈትተው፣ ወስደው፣ መልሰው አስረዋል። ካዩት አንዴ ብቻ ነው። እሷ ያን ቋጠሮ ለመማር ፈትልን ሁለት ዓመት ለምና ተስፋ ቆርጣ ነበር።

አተሩ ከአንድ ፏፏቴ በስተጀርባ ወዳለ ዋሻ አደረሳቸው። ዋሻው እንደ ከተማ ነበር። ግድግዳው ላይ በረድፍ የተቦረቦሩ ጓዳዎች፣ በእያንዳንዱ ጓዳ አተር፣ ማሽላ፣ የንጉሡ ለውዝ። የተሰረቁ ወጥመዶች ውሃ የሚያቁሩ ገንዳዎች ሆነዋል። መጨረሻው ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት። በስንጥቁ መካከል፣ በጥርስ በተቦረቦሩ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ፣ ካስማው አግድም ተጋድሟል።

ሐመልት ሮጣ ነቀለችው። ቁርጥሚቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ።

ከስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዘንዶ ወጣ። ዐይን አልነበረውም፤ ጭንቅላቱ የበሬ ያህል ነው። ዱርማን ጦሩን ጉሮሮው ውስጥ ሰደደ፤ ዘንዶው እንደ ሸንኮራ ቆረጠመው። ያን ጊዜ ቁርጥሚቶቹ ተነሡ። አልሸሹም። ጭራ ለጭራ ተያይዘው በዘንዶው ላይ ዘመቱ፤ የፊተኞቹ ሲወድቁ የኋለኞቹ ቦታቸውን ያዙ። አፍንጫውን እየነከሱ ወደ ስንጥቁ መለሱት። ከኋላቸው ባሉት ጓዳዎች ውስጥ ገና ጠጉር ያላወጡ ግልገሎች ተኮልኩለዋል።

ዱርማን ክንዷን ያዛት። «ካስማው እጅሽ ላይ ነው፤ አባትሽም እጅሽ ላይ ነው። እነሱን ሲበላ እንውጣ፣ ልጄ።»

እውነቱን ነበር። ውሃው፣ አባቷ፣ ሹመቷ፣ ሁሉም በአንድ ክንድ ነሐስ ላይ ነው። ሐመልት ግን በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሰይፏን መዘዘች። ርዝመቱ አንድ ክንድ ነው።

«ጋሼ ዱርማን፣ ካስማውን ያዙልኝ።»

«ስምሽ ነው እኮ እሱ!»

«አውቃለሁ።»

ዘንዶው ለሁለተኛ ጊዜ አንገቱን ከማውጣቱ በፊት ሰይፉን በሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ አጋደመችው፤ ስለቱን ወደ ውስጥ አዞረች። ፈትል ጫፍና ጫፉን በገመድ ጠፈረችው። ዘንዶው መጣ፤ ስለቱን ገፋ፤ ግንባሩ ተተረተረ። አንድ ጊዜ ጮኸና ወደ ምድር ሆድ ተመለሰ። ቁርጥሚቶቹ ሐመልትን አላመሰገኑም። አንዷ ትከሻዋ ላይ ወጥታ የፈትልን ቋጠሮ ስታጠና ቆየች፤ ከዚያ ወርዳ ሙታኖቿን ልትለቅም ሄደች።

ገንዳው የመጨረሻ ጭቃውን ሲያሳይ ካስማው ሰማዝ ገባ። መዘውሩ ሲጢጥ አለ፤ ሕዝቡ አለቀሰ፤ የወርዳን እግር ብረት ተፈታ። ንጉሡ የሐመልትን ባዶ አፎት አይቶ ሰይፏ የት እንዳለ ጠየቃት።

«ሥራ ላይ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለች። «አንድ ነገር ልጨምር። ካስማውን የሚያጠብቀውን የእንጨት ሽብልቅ በየንግሥ በዓሉ በማርና በኑግ ዘይት የምንቀባው እኛ ነን፤ ካስማውን የፈቱትም እሱን በልተው ነው። ገበታ ዘርግተን ለምን በሉ ብለን ተቆጣን። ከእንግዲህ በእሬት ይቀባ፤ ከመዘውሩ ሥርም አንድ ቁና አተር ይቀመጥላቸው።»

ንጉሡ ሁለቱንም ፈቀደ። ሕጉን ግን አልሻረም፤ ሕግ ነውና። ዐዋጅ ነጋሪው ስሟን ከባለሰይፎች መዝገብ ሰረዘ። ሹመቱ ለአጎቷ ልጅ እንዲተላለፍ ተወሰነ፤ መዘውሩ በየት በኩል እንደሚዞር እንኳ ለማያውቀው። ስሟን መጥራት ስለተከለከለ ዘበኞቹ ለማላገጥ «ቁርጥሚት» አሏት። ውሃ ቀጂዎቹ ከነሱ ሰሙ፤ እነሱ ሲጠሯት ግን አላላገጡም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ መዘውሩ ላይ ወጥታ ዘንጉን መጥረግ ጀመረች። አባቷ ከታች ቆሞ አያት። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ሕጉ እሱንም ይይዛል።

«ቁርጥሚቴ» አለ በመጨረሻ፤ «እሬቱን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው።