ቁጥር ሠላሳ አንድ ውርጭ ይፈልጋል

በከተማው መቃብር የለም። የሞተ ሰው ወደ አፈር ፋብሪካው ይገባል፤ ስሙ የሚቀረው አዲስ ለተመዘገበ ተክል ከተሰጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በየቤቱ ዘር ያዳቅላል፤ ችግኙን ለምዘና ጣቢያ ያስረክባል። መዛኟ አልጋነሽ ሦስት ዓመት ትከታተለዋለች። ያላለፈው ይፈጫል።

ቁጥር ሠላሳ አንድ አይሪስ የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመ የአበባ ችግኝ ነው። አዳቃዩ አቶ ገብረየስ በላኩት ፎቶ ላይ ሐምራዊ አበባ ነበረው። ጣቢያው ውስጥ ግን በሦስት ዓመት አንድ እምቡጥ አላወጣም። የተክልን መጪ ዕድገት የሚያሳየው መሣሪያ፣ ቀድሞ-አይ፣ «ጤነኛ፤ አያብብም» አለ። አልጋነሽ ተበላሽቷል ብላ ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። መልሱ ያው ነው። ምዘናው ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው አቶ ገብረየስ ቤት ሄደች።

ሽማግሌው መጋረጃ ተከናንበው ከፈቱላት። ከተማው ከበረዶ ሥር የተሠራ ቢሆንም ሙቀቱ ከሃያ አራት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለማያውቅ፣ ብርድ ልብስ የሚሠራ የለም። የእሳቸው ክፍል ግን ያንቀጠቅጣል። በየዓመቱ ስልሳ ቀን ማሞቂያውን ዘግተው፣ የውጭው ብርድ በግድግዳው ሲገባ ከተክሉ ጋር እንደሚያድሩ ነገሯት። ውርጭ ካልነካው አያብብም። እያወሩ ሳል ያቋርጣቸው ነበር።

«ለምን አልነገሩንም፣ ጋሼ?»

«ብነግራችሁማ ያኔውኑ ትፈጩት ነበር። ለአበባ ብሎ የሚበርደው ማን አለ?» መጋረጃውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ስሙ የልጄ ነው። ውብአለም። ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር።»

አልጋነሽ ስልሳ የብርድ ቀን እንዲፈቀድ ኮሚቴውን ጠየቀች። ለአንድ ችግኝ ማሞቂያ አይዘጋም አሏት። በዚያው ወር ሽማግሌው በሳንባ ምች ሞቱ፤ የጣቢያውም የቤታቸውም ችግኞች ተፈጩ። እሷ ግን አንድ ሥር በእጅጌዋ ይዛ ወጥታ ነበር። ያበበ ተክል ካመጣች መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። ቤቷ ገብታ ማሞቂያዋን ዘጋች።

በአርባኛው ቀን ጎረቤት ግድግዳው ቀዘቀዘ ብሎ ከሰሰ። አስናቀ የሚባል የጥገና ሠራተኛ መጣ። ገብቶ አፉን ሲከፍት ነጭ ነገር ወጣ። ደንግጦ ከንፈሩን ዳሰሰ።

«እትዬ፣ ይሄ ከእኔ ነው የሚወጣው?»

«ትንፋሽህ ነው» አለችው እያሳለች።

ደግሞ ተነፈሰ፤ ረዘም አድርጎ። በዕድሜው ትንፋሹን አይቶ አያውቅም። ከዚያ ጥግ ያለውን ማሰሮ አየ። ከሥሩ አንድ አረንጓዴ ጫፍ ወጥቷል። ስልሳ ቀን ካልበረደው እንደማያብብ ነገረችው።

«ስንት ቀን ይቀረዋል?»

«ሃያ።»

መፍቻውን ወደ ቦርሳው መለሰና ቅጹ ላይ «መለዋወጫ ይጠበቃል» ብሎ ጻፈ።

«ለማን ነው?»

«አላውቃትም። ውብአለም ትባላለች።»

«የእኔ እናት ስሟ ሳይቀር ነው የሄደችው» አለ። አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ጉሙ እስኪጠፋ ቆሞ አየው። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ገጥሞ ዘጋው፤ ብርዱ እንዳይወጣ።