ያልተሞከረው ቀይ ጨርቅ

የሲቀላ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴዎች ወርቄን ከሩቅ ሲያዩዋት በድንገት ሥራ ይበዛባቸው ነበር። ሌላዋን ሴት «ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ አይተሽ እለፊ» ብለው እጇን ለመያዝ የሚቃጣቸው ሁሉ፣ እሷ ስትመጣ የጠፋ ሜትር የሚፈልጉ መስለው ያጎነብሳሉ። አይፈረድባቸውም። ወርቄ ጨርቅ ከመግዛቷ በፊት የማታደርገው ነገር አልነበረም።

አቡጀዲውን በሁለት መዳፏ መሃል ታሸዋለች። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ጨርቁን ያጠነከረው አሚዶ ነው፤ አንዴ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል። ወደ ፀሐይ አንስታ ድሩና ማጉ ምን ያህል እንደተጠጋጋ ታያለች። ባለቀለም ከሆነ ጠርዙን በምራቋ አርሳ ነጭ መሐረቧ ላይ ትፈትገዋለች። ክር ከሆነ ደግሞ ክንድ ያህል ስባ በሁለት እጇ ትወጥረዋለች። ከዚያ ወይ ትገዛለች፣ ወይ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ትሄዳለች።

ይህን ያስተማሯት እናቷ ወይዘሮ ማሚቱ ናቸው። እናትና ልጅ የሚተዳደሩት ብርድ ልብስ በመስፋት ነው። ርካሽ ጨርቅ እየቆራረጡ ይገጣጥሙና፣ ከሥር ነጭ አቡጀዲ፣ መሃሉ ላይ የተባዘተ ጥጥ አድርገው፣ ሦስቱን አንድ ላይ በእጅ መርፌ ረድፍ በረድፍ ይሰፉታል። በሲቀላ ሙቀት ተቀምጦ ብርድ ልብስ መስፋት ለሰሚው ያስቃል። ገዢዎቹ ግን ከነጨንቻና ከነገረሴ የሚወርዱ ደገኞች ናቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ርካሽ ጨርቅ ይገዛሉ እንጂ መጥፎ ጨርቅ አይገዙም። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለሰው በማስረዳት ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል።

ወርቄ ዳናን ያገኘችው በዚሁ ገበያ ነው። ከገረሴ የወረደ፣ ቀጠን ያለ ወጣት፣ ሸራ አንጥፎ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ደርድሯል። ለገበያው እንግዳ ስለሆነ ስትመጣ አላጎነበሰም። ወርቄ አንዱን ክር አንስታ ሳበችው፤ ተበጠሰ። ሁለተኛውን ሳበች፤ ተበጠሰ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

«እህቴ፣ ልትገዢኝ ነው ወይስ ልትጨርሺኝ?» አለ፤ ከአማርኛው ሥር ጋሞኛው ይሰማል።

«ክርህ ራሱ ነው የሚያልቀው፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሲሰፋ ማን እንዲህ ይጎትተዋል?»

«ሰው ተኝቶ አይገላበጥም?» አለችና ምን እንደተናገረች ሲገባት ፊቷን ወደ ቅመም ተራ አዞረች። ዳና ሳቀ። ሳቁ የሚያበሽቅ ዓይነት አልነበረም፤ ይልቁንም ደጋግማ ብትሰማው የማትጠግበው መሰላት።

አራተኛው ክር አልተበጠሰም። ገዛችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የወርቄ ቀን ሆነ። ዳና መሞከሩን ከእሷ ተማረ፤ ዕቃውን ከሚያመጣበት ቦታ እንደሷ እያሸና እየሳበ ይመርጥ ጀመር። ጠንካራውን ክር ለብቻ ለይቶ ከተቀመጠበት ጆንያ ሥር ያኖርላታል። እሷም ሁሉንም ሞክራ አንዱን ትገዛና፣ ሌላ ሥራ እንደሌላት ሁሉ ትቆማለች።

ስለ ገረሴ ብርድ፣ ስለ አባቱ እንሰት ይነግራታል። እሷ ብዙም አታወራም፤ ዓይኗን ጨርቁ ላይ ጥላ ጆሮዋን ለእሱ ትሰጣለች። 

አንድ ቀን እስከ ኩልፎ ድልድይ ሸኛት። ከወንዙ ዳር የሙዝ ጋሪዎች ይጫናሉ፤ ውሃው ጎመን የሚያጥቡ ሴቶች እግር ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል።

«መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ፣ ውሃውን እያየ። «እናትሽ እሺ ይላሉ?»

«እናቴ ገበያ ላይ የሚስቅ ወንድ አታምንም።»

«አንቺስ?»

ወርቄ ድልድዩን ተሻግራ ሁለቴ ዞር አለች። ወዳዋለች፤ ለራሷም ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለችም።

የዚያ ዓመት የአብዮት በዓል አልፎ ብዙም ሳይቆይ ገበያው በቀይ ጨርቅ ተጥለቀለቀ። ለመፈክርና ለጌጥ ተብሎ መጥቶ ሳይቆረጥ የተረፈ፣ አዲስ፣ ወፍራም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እነ ወርቄን ደግሞ በዚያው ሰሞን የምዕራብ ዓባያዋ ወይዘሮ አበራሽ ለልጃቸው ሠርግ ሁለት ብርድ ልብስ አዘዋቸው ነበር። «ቀይና ነጭ ይሁን» ብለዋል።

«ቀዩን ደህና አድርገሽ ሞክሪ» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ ልጃቸውን ወደ ገበያ ሲልኳት።

ዳና ቀዩን ዘረጋላት። ወርቄ አየችው፤ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው። መሐረቧን ከብብቷ ልታወጣ እጇን ከሰደደች በኋላ ተወችው። ሽማግሌ ሊልክባት ያለ ሰው ፊት ምራቋን ቀብታ ጨርቁን ልትፈትግ ነው? ያቺን ቀን አፈረች። እሱም ሳትሞክር እንዳጠፈችው አየና አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ፣ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

እናትና ልጅ ቀን ከሌት ሰፉ። ወይዘሮ ማሚቱ ብርድ ልብስ ጨርሰው ሲነሱ ውሃ ረጭተው ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማዳቸው ነው፤ ስፌቱ የሚይዘው፣ ጥጡም የሚተኛው ያኔ ነው ይላሉ። መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ረጩት። ከሰዓት በኋላ ሊያነሱት ሲሄዱ ነጩ ሁሉ ደም የነካው መስሏል። ሁለቱም ብርድ ልብሶች፣ እስከ ጥጡ ድረስ።

ወይዘሮ ማሚቱ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ሞክረሽዋል?»

«አልሞከርኩትም።»

«ለምን?»

ወርቄ መሬት መሬት አየች። እናቷ የወይዘሮ አበራሽን ትእዛዝ እንደ አዲስ ሊሠሩ መቀሳቸውን አንስተው የተበላሸውን ስፌት መፍታት ጀመሩ።

«ከማን ነው የገዛሽው?»

«ከዳና። ከገረሴው።»

«ያ የሚስቀው? አውቆ ነው የሸጠልሽ። የምትሞክረውን ሴት አሞኝቶ ከሸጠ ለሌላው ምን ሊል ነው?»

ያችን ቃል ወርቄ ይዛት አደረች። አላውቅም ነበር ካለ ታምነዋለች። ቢያውቅስ? አፉን ከፍቶ የተወው ምን ሊላት ነበር? በማግስቱ ቅዳሜ ሮጣ ገበያ ሄደች። የዳና ቦታ ባዶ ነው። አጠገቡ የምትሸጠው የሽንኩርት ነጋዴ ዘሪቱ፣ «ዕቃውን ሸክፎ ወደ ደጋ ወጣ፤ መስቀል አይደል» አለቻት። ወርቄም እንደዚያው ለራሷ ነገረች፤ የጋሞ ልጅ ሆኖ መስቀልን ከቤቱ ውጪ የሚውል የለም። መስቀል አልፎ በመጣው ቅዳሜ ግን ቦታው አሁንም ባዶ ነበር። ያን ቀን እቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በራቸው ተንኳኳ። ዳና ነው። ከስቷል፣ እግሩ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ትከሻው ላይ የጆንያ ሸክም አለ። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀይ ሆኗል፤ መዳፎቹም እንደዚያው።

«ደህና አደሩ እማማ» አለና ጆንያውን ደጃፉ ላይ ፈታው። ቀይ ጨርቅ ሞልቷል፤ የተቆረጠ፣ የተሰፋ፣ ለአንዱ ሕፃን ቀሚስ የሆነ ሳይቀር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ ሳያስገቡት።

«ወደ ቤት ስወጣ ዝናብ መታኝ። የተረፈኝን ተሸክሜ ነበር፣ ቀለሙ ጀርባዬ ላይ ለቀቀ። ያኔ ነው ያወቅሁት። የሸጥኩለትን ሰው ሁሉ ቤቱ እየሄድኩ ሰበሰብሁ። መስቀል ስለሆነ ሁሉም ቤቱ ነበር። ከገረሴ እስከ ምዕራብ ዓባያ ዞርኩ። የእናንተ ብቻ ቀረ።»

«መስቀልን የት ዋልክ?»

«መንገድ ላይ።»

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሞ ናቸው፤ መስቀልን መንገድ ላይ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ቢሆንም አልተሸነፉም።

«ሳትሞክር ለምን ሸጥክ?»

ዳና ወርቄን አየና አንገቱን ደፋ። «ሁልጊዜ እሷ ነው የምትሞክረው። የዚያን ቀን እሞክርልሽ ልላት ነበር። ዝም ስትል ግን ጥሩ ቢሆን ነው አልኩ። የእኔ ጥፋት ነው እማማ። እሷን አይቆጧት።»

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔም የጠየቅሁሽ ይህንኑ ነበር። ሥራሽን የምታውቂ ልጅ ነሽ። ለምን አልሞከርሽውም?»

ወርቄ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የያዘችውን መልስ፣ እናቷም እሱም እየሰሟት፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ለቀቀችው።

«ስለምወደው ነው። የሚወዱት ሰው ፊት ጨርቅ በምራቅ መፈተግ አሳፈረኝ።»

የዳና ፊት ከሸሚዙ ጋር ተመሳሰለ። ወርቄ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ እናቷን ቀጥ ብላ አየች።

ወይዘሮ ማሚቱ ከጆንያው አንድ ቁራጭ አነሱና ረጅም ጊዜ አገላበጡት። ጨርቁን እንደማያዩት ግን ያስታውቃል።

«አንተ ግባ» አሉ በመጨረሻ። «እግርህን ታጠብ። ወርቄ፣ ውሃ አምጪለት።»

ወርቄ ውሃውን ይዛ ጎንበስ ስትል ዳና በሹክሹክታ «እውነትሽን ነው?» አላት።

«እጅህን ዘርጋ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ውሃው በመዳፎቹ ላይ ቀይ ሆኖ ፈሰሰ።

እናቷ ከውስጥ ሆነው ሁሉንም እየሰሙ ነበር።

«ዳና!» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«ሽማግሎችህ መቼ ነው የሚመጡት?»

ዳና ቀና ብሎ ወርቄን አየ። «የፊታችን... እሑድ» አለ እንደምንም።

«እንግዲያው ንገራቸው፤ ለእኔ ብለው ጋቢ ገዝተው እንዳይመጡ። እናንተ ወንዶች ጨርቅ አታውቁም። ወርቄ ራሷ ትመርጥልኛለች፤ አንተ አጠገቧ ትቆማለህ፣ እሷም ሳታፍር ትሞክራለች።»