ያልታሰረችው ኤሊ

እናቴ «በቀትር ባዶ ግቢ ውስጥ አትቁሚ» ስትለኝ ሆን ብዬ ግቢው መሀል ሄጄ የምቆም ልጅ ነበርኩ። ጂን አየሁ የሚል ሰው ካጋጠመኝ «ቁመቱ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ መልስ ሲያጣ እስቃለሁ፣ እንዲህ ያለች ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን «ፈርታ ነው ያየችው» እንዳትሉብኝ፣ አልፈራሁም፣ ተናድጄ ነበር፣ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ደግነቱ መጻፍ ለመድኩ፣ እመኑኝ፣ ንዴትን ወረቀት ላይ እንደማስቀመጥ ደስ የሚል ነገር የለም፣ እጄ አልቆምም ይለኛል።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ እሱን አልደብቅም። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሊደርስ ሲል አስፋልቱ ከወልድያ በኩል በሚመጣ ተፈናቃይና በመኪና ተጨናንቆ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከድልድዩ አጠገብ አንዲት ትልቅ ኤሊ መንገዱ መሀል ቆማ አየሁ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ታክላለች፣ ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ዥጉርጉር ነው፣ አንድ አይሱዙ በጎኗ እልፍ ሲል አንገቷን ሽጉጥ አደረገች። ሮጬ አነሳኋት። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ሃያ እርምጃ ነበር፣ ወደምትሄድበት በኩል አሻግሬ ቁጥቋጦው ውስጥ ማስቀመጥ፣ በቃ። እኔ ግን አዳኝ ነኝ አይደል? ታቅፌ ቤት ወሰድኳት።

አያ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ በርና መስኮት ይበይዳሉ፣ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ኤሊዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እሰሪያት፣ ትጠፋለች።»

«ትጥፋ እንጂ፣ መንገድ ስታቋርጥ እኮ ነው ያገኘኋት» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሲሳይ እጅሽ ላይ ወድቆ ትጥፋ ትያለሽ? ኤሊ ያለችበት ቤት በረካ አይለየውም!»

መሰርሰሪያቸውን አመጡ፣ የጀርባዋን ጠርዝ በሱት፣ ሽቦ አስገብተው ቀለበት አደረጉና ጫፉን ሦስት ጊዜ በፒንሳ ጠመዘዙት፣ ሌላውን ጫፍ ከማንጎው ግንድ ጋር አሰሩት። «እንደ ጥፍር ነው፣ አያማትም» አሉ። ከቀዳዳው ግን ደም ወጣ፣ ትንሽ ናት፣ ግን ደም ናት።

«አያ ይማም፣ ከጥፍር ደም ይወጣል እንዴ?»

«አፍሽን!» አሉኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እዚህ ላይ ነው በራሴ የምናደደው፣ ስም አወጣሁላት። «እሜቴ» አልኳት፣ የፓፓያ ልጣጭ እሰጣታለሁ፣ ጓደኞቼን እየጠራሁ አሳያለሁ፣ እጄን ለመደች ብዬ እኩራራለሁ። ቀኑን ሙሉ ሽቦው እስኪወጠር ትሄዳለች፣ ከዚያ በላይ ሲያቅታት ግንዱን ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ እኔም «ስትጫወት እዩዋት!» እላለሁ። አያችሁ፣ ሰው የወደደውን ነገር ሲያሰቃይ ሳቁን እንኳን አያቆምም።

አንድ ቀን ጠዋት የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበ፣ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፣ የያዝነውን ይዘን በእግራችን ወደ ቆላ ዘመዶቻችን ዘንድ ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ «ልፍታት፣ አንድ ደቂቃ!» ብዬ ተመለስኩ፣ አያ ይማም ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። «ተያት! እሷ ቤት ትጠብቅልናለች።» አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈጀው። ወራት ሙሉ ያችን ደቂቃ ሳስብ ከረምኩ።

ብርዱ ሲገባ ተመለስን። የግራ ጎረቤታችን ጣሪያ ተበሳስቷል፣ የቀኙ ግድግዳው ወድቋል፣ የእኛ ቤት ግን፣ ወላሂ፣ አንድ መስታወት አልተሰነጠቀም። እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች። እኔ ወደ ማንጎው ሮጥኩ።

እሜቴ የለችም። ሽቦው ግን አለ፣ ቀለበቱም እንደተዘጋ ነው፣ ሦስቱም ጥምዝ እንዳሉ ናቸው፣ አልተቆረጠም፣ አልተፈታም። የጀርባዋ ስባሪ ይኖር እንደሆነ ብዬ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ፈለግሁ፣ የጥፍር ያህል እንኳን አጣሁ። በግንዱ ዙሪያ ደግሞ መሬቱ በሬ እንዳበራየበት አውድማ ክብ ሆኖ ተበልቷል፣ ጥልቀቱ ስንዝር ይሆናል።

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ዘነበች አሉ፣ እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ጦርነቱን ሙሉ ቤታቸው የከረሙ አሮጊት ናቸው። ገና ሳያቅፉኝ ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«በየቀኑ ቀትር ላይ እናንተ ግቢ ሽቦ የሚጎትተው ማን ነበር? ሰው የቀረ መስሎኝ ስጣራ ከረምኩ እኮ!»

«ኤሊዋ ትሆናለች፣ እትዬ።»

«ኤሊዋንማ በሄዳችሁ በሳምንቱ ሰዎች መጥተው ሲወስዷት በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፣ በእመብርሃን! በጆንያ ነው የከተቷት።»

ታዲያ ቀለበቱን ማን መልሶ ጠመዘዘው? ይህን ስጠይቃቸው እትዬ ዘነበች አማተቡ። እኔ ያኔም አላመንኩም፣ እርጅና ነው፣ ብቻቸውን ከርመው ነው ብዬ አለፍኩት።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አያ ይማም መስጊድ ደጃፍም፣ ገበያም፣ ባጃጅ ውስጥም «ቤታችንን ያተረፈችው ኤሊዋ ናት፣ እንደ ጀርባዋ ጋሻ ሆና ነው» እያሉ አወሩ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ምን ይሁን? አመነ። ሰዉ በየወንዙ ዳር እየወረደ ከቁጥቋጦው ኤሊ ይለቅም ጀመር፣ በእኛ መንገድ ላይ ብቻ አምስት ግቢ ኤሊ ታሰረ፣ አንዷን በእግሯ አሰሯት፣ እግሯ አብጦ የእኔን ክንድ አከለ፣ አንዷን በርሜል ውስጥ አስቀመጧት፣ ውኃ የሌለበት በርሜል። እናንተዬ፣ ከሞት ያመለጠ ሰው እንዴት ሌላውን ያስራል? «እኛ እኮ ወራት ሙሉ መሸሻ ጠፍቶን የከረምን ነን!» ብዬ ስጮህ ጎረቤቶቻችን ሳቁብኝ፣ «ይቺ ደግሞ የኤሊ ጠበቃ ሆነች!» አሉኝ።

አያ ይማምን ግን በራሳቸው መንገድ ገጠምኳቸው።

«ኤሊ ታድናለች ማለት ሽርክ፣ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት አይደለም እንዴ?»

«ያዳነን አላህ ነው፣ እሷ ሰበብ ናት። አላህ በሰበብ ነው የሚሠራው።»

«ሰበብ ከሆነች ታዲያ ለምን ትበሳለች? አላህ ያልተበሳ ሰበብ አጥቶ ነው?»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች፣ እሳቸው ግን ምላሴን በመሰርሰሪያ እንደሚበሱት ዝተው ወጡ። ሲመለሱ የሲሚንቶ ከረጢት ይዘው ነበር፣ ውስጡ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።

ቀትር ነበር። ከማንጎው በቀር ጥላ የለም፣ ሥሩ እሳቸው ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ኤሊ ገልብጠው ይዘዋል፣ አራት እግሯ አየሩን ይቀዝፋል። መሰርሰሪያውን ጠርዟ ላይ ሲያስጠጉ እጃቸውን ያዝኩ። የታላቅን እጅ መያዝ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፣ ያዝኩ።

«ልቀቂ!»

«አንቱ ይልቀቋት!»

እንዲህ ስንጓተት ነው የሰማሁት። ክርርር… ዝም። ክርርር… ዝም። መጀመሪያ መሰርሰሪያው መሰለኝ፣ ግን እጃቸውን ይዤዋለሁ፣ አይዞርም። ከዚያ አሮጌውን ሽቦ አየሁት፣ መሬት ላይ እንደ ሞተ እባብ ተጠማዝዞ የነበረው ቀስ ብሎ ተቃና፣ ቀለበቱ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሽቦው ተወጠረ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ልብ በሉልኝ፣ ነፋስ የለም፣ የማንጎው ቅጠል አይነቃነቅም፣ ሽቦው ግን እንደተወጠረ በዚያ በተበላው ክብ ላይ መሄድ ጀመረ፣ አራት እርምጃ የሚያህል ሄዶ ያርፋል፣ እንደገና ይሄዳል። እኛ ጋ ሲደርስ አያ ይማም እግራቸውን ሰበሰቡ። አለፈን።

«አዑዙ ቢላህ…» አሉ፣ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ። ኤሊዋን ራሳቸው አንስተው ደረቴ ላይ ጣሉልኝ። «ይዘሻት ሂጂ። ሂጂ ብቻ!»

ስሄድ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አሸነፍኩ አልኩ። ይቺኛዋን ማንም አልበሳትም፣ ማንም አላሰራትም፣ ስምም አላወጣሁላትም። አስፋልቱን ተሻግሬ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ፣ ፊቷን ወደ ቁጥቋጦው አዙሬ አስቀመጥኳትና ወደ ኋላዬ ሸሸት አልኩ።

አንገቷን አወጣች። ወደ ቁጥቋጦው ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ የሆነ ነገር እንደያዛት ቀጥ አለች። እግሮቿ አሸዋውን ይቧጥጣሉ፣ ወደፊት ግን አትሄድም። ወደ ጎን ዞረችና መራመድ ጀመረች፣ በግራዬ መጣች፣ በኋላዬ አለፈች፣ በቀኜ ወጣች፣ መልሳ ፊቴ ደረሰች። አጋጣሚ ነው ብዬ አሥር እርምጃ ያህል ራቅኋት። እሷም ተከትላኝ መጣችና በዚያው ርቀት ላይ ቆመች፣ እንደገና ዞረችኝ።

«ሂጂ እንጂ! ማን አሰረሽ? እኔ ግንድ ነኝ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት፣ እያለቀስኩ ነበር፣ ከንዴት ነው። እሷ ግን አላቆመችም። ጥያት ሮጥኩ፣ ዞሬም አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ቆሜበት በነበረው ቦታ ዙሪያ አሸዋው ላይ ክብ ዱካ አለ፣ ሙሉ ነው፣ አልተቆረጠም። ከክቡ ወደ ቁጥቋጦው የሚወጣ ዱካ ግን የለም፣ ወደ ወንዙም የለም፣ የሰው ኮቴም ከእኔው በቀር የለም። ኤሊዋም የለችም።

አያ ይማም ሲጠየቁ «ነፋስ ነው» ይላሉ፣ ቀትር ሲሆን ግን ግቢ ውስጥ አይገኙም። አምስቱ ግቢዎች ኤሊዎቻቸውን አልፈቱም፣ በየበሩ እየሄድኩ ለመንኩ፣ ተሳደብኩም፣ «እንዲህ የምትይው ያንቺ ቤት ስለቆመ ነው» ብለው መለሱኝ፣ ለዚህ ምን ይባላል?

ትናንት እናቴ ግቢውን ስትጠርግ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆም አለችና «ይህን ክብ ማን ነው የጫረው?» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ልብስ ሳሰጣ የቆምኩበት ቦታ ነው።

«አላውቅም» አልኳት። ወላሂ፣ አላውቅም።