የአውራ ጣቷ ልማድ

መርማሪዋ ሆስፒታል ስትደርስ ሟቹ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ሙያው ሰዎች ማሽን ሲጠቀሙ የሚሳሳቱበትን ማጥናት ነበር፤ የገደለው ደግሞ ራስጌው የቆመው የመድኃኒት መስጫ ማሽን ነው። ነርሷ ጥግ ይዛ እጇን ታያለች። ማሽኑ የመዘገበው የመጨረሻ ንክኪ የእሷ ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙያዋ በአንድ ጣት ገደል ሊገባ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ጥያቄ ከያዘች ሰው ታደርቃለች።

«የቱን ነካሽ?»

«‹መጠኑ ከገደብ አልፏል› ብሎ ጮኸ። ‹አቁም› የሚለውን ቁልፍ ነካሁ። ሁልጊዜ በቀኝ ነው።»

«አነበብሽው?»

«እህቴ፣ በቀን መቶ ጊዜ እኮ ነው የሚጮኸው!» እጅጌዋን ጨበጠች። «በሽተኛው እጅጌዬን ያዘኝ። መናገር አቃተው። ‹አይዞህ፣ አጠፋሁት› አልኩት።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ የሌሎቹን አልጋዎችም ዞራ አየች። ማሽኑን የሠራው መሐንዲስ፣ የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለቅሳል።

«ሟቹ ስለ ማሽንህ ያጠናውን አይተኸዋል?»

«ለማንም ሳያሳይ ነው የታመመው። ግን ማሽኑ ምን ያድርግ? ከአርባ ነርስ ሠላሳ ስምንቱ ሳያነቡ ነው የሚነኩት።»

ነርሷን፣ መሐንዲሱንና መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም አልጋው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ያዘዙት መጠን ወረቀቱ ላይ ልክ ነው። ሁሉም ማሽን ላይ በጣት ብዛት የደበዘዘው የስክሪኑ ቀኝ ነው፤ ‹አቁም› የሚለው ቁልፍ ያለበት። እዚህም የደበዘዘው ቀኙ ነው፤ ግን ‹ቀጥል› ይላል። ዛሬ ተቀያይሯል። ጠዋት ሊጠይቀው የመጣ፣ ማሽኑን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ቁልፎቹን ቀይሮ፣ መጠኑ ቀትር ላይ ከፍ እንዲል ማሽኑን አስተካክሎ ሄደ።» ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ሠላሳ ስምንት የሚለው ቁጥር ያለው ከሟቹ ትራስ ሥር ባገኘሁት የጥናቱ ረቂቅ ላይ ብቻ ነው፤ ለማንም ካላሳየ አንተ የት አየኸው? መጨረሻው ‹ማሽኑ ከየሆስፒታሉ ይነሳ› ይላል።»

«የአሥር ዓመት ልፋቴን ሊቀብረው ነበር» አለ መሐንዲሱ፤ ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ነርሷ ግን አልቀለላትም። «በሽተኛው ‹ቀጥል› እንደሚል አይቶ ነበር። ስነካው እያየኝ ነበር።»

ወይዘሮ ለምን የነርሷ ቃል የተጻፈበትን ታብሌት ዘረጋችላት። «ነጻ ነሽ፤ አረጋግጪልኝ።»

ነርሷ በእንባ መሃል ተቀበለቻት። አውራ ጣቷ ወደ ቀኝ ሄዶ ነካ።

«አነበብሽው?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

ነርሷ ጣቷን አየችው። አላነበበችም።

ከጎን ካለው ክፍል ሌላ ማሽን ጮኸ፤ ወዲያው ዝም አለ።