ነቀዝ የሌለበት በቆሎ

ሰውየው የሞቱት በገዛ መጋዘናቸው፣ በበቆሎ ጆንያዎች ክምር ጀርባ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ምንጣፍ ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን ከምንጣፉ ጥግ አስተካክለው አኑረው ነበር። ለሚያያቸው የተኙ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። በቀኝ እጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል።

ደንበኞቻቸው «ጋሽ ንጹሕ» ይሏቸው ነበር። ሚስታቸው በሕመም ከሞቱባቸው ወዲህ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዘረመሉ ያልተለወጠና ኬሚካል ያልነካው በቆሎ እያመረቱ በራሳቸው ሱቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ዘሩን ከአባታቸው ነው የተረከቡት። መርማሪዋም ለታመመች እናቷ ዱቄት የምትገዛው ከዚሁ ሱቅ ነበር፤ ስለዚህ ሬሳውን ስታይ እንደ ወትሮዋ ቶሎ ወደ ሥራዋ መግባት አቃታት። ባልደረቦቿ እውነትን ከሐሰት ትለያለች ብለው «ወንፊት» የሚሏት ሴት፣ ለአፍታ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ተነሣ።

«ጋዝ ነው» አላት። «ለነቀዝ የሚደረገው እንክብል ቀስ እያለ የሚያወጣው መርዝ። የሞቱት ትናንት አመሻሽ ላይ ይመስለኛል። ልባቸውም ደካማ ነበር፤ ከእንቅልፋቸው የነቁም አይመስለኝ።»

«እንክብሉስ የት አለ?»

«እሱ የለም። ሽታው ግን አለ፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

መጋዘኑ ሁለት በር ነበረው። የፊተኛው ከውጭ ተቆልፎ እንዳደረ ልጃቸው ተናግራለች። የኋላው ትንሽ በር አሁንም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ አለች። በጆንያዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ፣ በጥድፊያ የተጠረገ ወለል ላይ፣ አመድ የሚመስል ግራጫ ብናኝ ቀርቷል። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ በየሁለት እርምጃው ጥቂት ጥቂት ነው።

አንዱን ጆንያ ፈትታ እጇን ሰደደች። ያወጣችው እፍኝ በቆሎ ውስጥ አንድም የተቦረቦረ ፍሬ አጣች። ሌላውን ፈታች፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ መኖሪያ ቤቱ ጓዳ ሄዳ የባቄላውን እንስራ ከፈተች። ነቀዝ ይርመሰመስበታል።

የሟች ወረቀት የላቦራቶሪ ውጤት ነበር። ከጋሽ ንጹሕ ማሳ በተወሰደው ናሙና ውስጥ የተለወጠ ዘረመል ተገኝቷል ይላል። ኪሳቸው ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት አለ፤ ትናንት እኩለ ቀን ላይ የገባው አውቶቡስ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ታናሽ ወንድማቸውን ነው። ማሳው ከሟች ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ የሚዘራውም ዘረመሉ የተለወጠውን በቆሎ ነው።

«ከወንድምዎ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«ሰባት ዓመት። የኔን በቆሎ ትል አይደፍረውም፤ እሱ ደግሞ ‹የአበባህን ብናኝ ንፋስ እያመጣ ማሳዬን ያበላሻል› ይለኛል። ታዲያ ንፋስ በአጥር ይታገዳል?»

«የነቀዝ እንክብል አለዎት?»

«የሌለው ገበሬ ማን አለ?»

«የጎደለ ጣሳስ?»

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ጻፊው በቃ» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንዴት አድርገው?»

«ተኝቶ ሳለ ገባሁና… እግሩ ሥር ከመርኩበት። ጣሳውን እንዳለ።»

መርማሪዋ አየችው፣ ደብተሯንም ዘጋች። አንዲት ቃል አልጻፈችም።

ቀጥሎ ሱቁ ውስጥ የሚሸጠውን ጎልማሳ አነጋገረች።

«ከትናንት ወዲያ የላቦራቶሪውን ውጤት ሊያመጡ ሲሄዱ መናኸሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ‹የምመለሰው ከነገ ወዲያ ማታ ነው› ብለውን ነበር፤ ዛሬ ማታ ማለት ነው። መምጣታቸውን ማንም አላወቀም።»

«ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ሱቁ ይዘጋ ነበር?»

«እሳቸውን የሚያውቅ ይህን አይጠይቅም! በማግስቱ ይዘጉት ነበር። እኔም ከነልጆቼ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ግን እህቴ፣ ሰው ያጎረሰውን እጅ ይነክሳል?»

«የሚነክስም አለ። ዛሬ ጠዋት ምን ሰማህ?»

«ሱቁን እየጠረግኩ ነው። የመጋዘኑ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ፤ ማጠፊያው ስለዛገ ይጮሃል። ወዲያው እሷ ጮኸች።»

«መስኮቱ ነው ወይስ ጩኸቷ የቀደመው?»

«መስኮቱ። ምን ያጠራጥራል?»

ልጃቸው ማጀት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቷን ሃያ ዓመት የጦረች፣ ትዳር እንኳ «ቆይ» ስትል የኖረች አንድ ልጅ ናት።

«እህቴ፣ እንዴት አገኘሻቸው?»

«ጆንያ ላወጣ በሩን ከፈትኩ። አባዬን አየሁት፣ ጮህኩ።»

«ከዚያስ?»

«አየር እንዲያገኝ መስኮቱን ከፈትኩለት።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ብዙ ጊዜ መልሱን ስታገኝ ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ባላገኘሁት ብላ ተመኘች።

ከቀትር በፊት ሦስቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደንበኞች ደጅ መጥተው ስለ ቆሙ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ከእርስዎ ልጀምር» አለችው ወንድምየውን። «እንክብሉን አንድ ላይ ከመርኩት ብለውኛል። እንክብሉ የሚተወው ብናኝ ግን ከበሩ አንስቶ በየሁለት እርምጃው ነው ያለው። ሟች ከተኙበት ከክምሩ ጀርባ ደግሞ ጭራሽ የለም። እርስዎ ያልሠሩትን ሥራ ነው የነገሩኝ። ሰው ደግሞ ያልሠራውን ወንጀል የሚሸከመው ለሚወደው ሰው ነው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ሰው ሊገድል የመጣ ስለ ሰውየው ነው የሚያስበው። እንክብሉን የደረደረው እጅ ግን ያሰበው ስለ ነቀዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጆንያ አዳርሷል። የዛሬ ብቻም አይደለም። ጓዳ ያለው ባቄላ ሲበላ ይህ በቆሎ አንድም ፍሬው አልተነካም። ያለ መድኃኒት እንዲህ አይሆንም። ሟች ደግሞ መድኃኒት በቤታቸው አያስገቡም። ስለዚህ የሚደረገው እሳቸው ራቅ ሲሉ ነው።»

ሻጩ ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷ ወለሉን ታያለች።

«ትናንት ግን ጋሽ ንጹሕ አንድ ቀን ቀድመው መጡ። ያን ወረቀት ይዘው የሰው ፊት ማየት አልፈለጉም። በኋላው በር ገቡ፣ ከውስጥ ቀረቀሩ፣ ከጆንያው ጀርባ ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ አንድ ሰው በፊተኛው በር ገብቶ፣ ክምሩን ዞሮ ሳያይ፣ እንክብሉን ደርድሮ ቆልፎ ወጣ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ አባቱ ወድቆ ያየ ሰው ወደ አባቱ ነው የሚሮጠው። አንቺ ግን ከመጮህሽ በፊት መስኮት ከፈትሽ። ክፍሉ ጋዝ እንደሞላበት ታውቂ ነበር። አባትሽ እዚያ እንዳሉ ግን አታውቂም ነበር። ያየሻቸው መስኮቱ ብርሃን ሲያስገባልሽ ነው። ከዚያ እሱ ሰው ሊጠራ ሲሮጥ የእንክብሉን ቅሪት በጥድፊያ ጠረግሽ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ድምፅዋ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር።

«ከሦስት ዓመት በፊት ግማሹን ዘር ነቀዝ ጨረሰው። አባዬ ባዶ ጆንያ አቅፎ ሲያለቅስ አየሁት። በማግስቱ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ነቀዙ ሲጠፋ አባዬ ‹አየሽ፣ ተፈጥሮ ራሷን ትጠብቃለች› ይለኝ ጀመር። ደስታው እንደ ሕፃን ነበር። ምን ብዬ ልንገረው?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ አጎትየው። «የኔ ዘር በየዓመቱ ይገዛል። የሱ ግን የአባታችን ነው። ብንኳረፍም እንዲጠፋ አልፈለግኩም።»

መርማሪዋ የላቦራቶሪውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ወንድምየው ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ሲጨርስ ጣቱ እዚያው ቀረ።

«እኛ ከነቀዝ ስንጠብቀው» አለ፣ «በንፋስ ሄዷል።»

ልጅቷ ቀና ብላ መርማሪዋን አየች። «አሞት ይሆን?»

«ሐኪሙ አልነቁም ብሏል።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ሳታውቂ ያደረግሽው መሆኑንም እጽፋለሁ። የሚፈርደው ግን እኔ አይደለሁም።»

ልጅቷ ተነሣች። ወደ መኪናው ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ለመነች፤ መርማሪዋም ፈቀደችላት። የሱቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ደረጃው ላይ ቆመች። ደጅ የነበሩት ሰዎች ሊያጽናኗት ተጠጉ፤ በእጇ አቆመቻቸው።

«ስሙኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የበላችሁት በቆሎ መድኃኒት ነክቶታል። ያስነካሁት እኔ ነኝ። ዘሩም ከጎረቤት ዘር ጋር ተቀላቅሏል። አባቴ የመጀመሪያውን ሳያውቅ ነው የሞተው። እሱ አልዋሻችሁም።»

አንድ አዛውንት ቀድመው ከሱቁ ገዝተው የያዙትን ዱቄት ደረጃው ላይ አኖሩና ሄዱ። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት አኖረች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ልጅቷ እያንዳንዱን ዐይን ዐይኑን እያየች እስከ መጨረሻው ሰው ቆመች፤ መርማሪዋም ፍጠኚ አላለቻትም።