የባቡሩ ደም

«መሃላችን ሰላይ አለ ይባላል» አለ ዘበኛው።

ሰላይዋ ያደፈ አንሶላ እንደታቀፈች በጓሮው በር ላይ ቆማ ሰማችው። ይህን ወሬ ላገኘው ሁሉ ሲደግም ነው የከረመው። መጀመሪያ ሰላይዋ ወጥ ቤቷ ናት አለ፤ ቀጥሎ ሂሳብ ሹሙ፤ ቀጥሎ አትክልተኛው። እሷን አንድም ቀን ጠርጥሮ አያውቅም። ደም ቀጂ ናት፣ ቀጭን፣ አንገቷን የደፋች። ለሥራዋ ይጠቅማል፤ ግን መናቅም ልክ አለው።

«ፔርሙዙስ?» አላት ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን እያየ።

«ሾርባ ነው ጋሼ። ልቅዳልዎት?»

«የሆስፒታል ሾርባ ጠላቴ ይጠጣ» ብሎ አሳለፋት።

ሾርባ አልነበረም። በረዶና ሁለት ብልቃጥ ደም ነው።

ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው። ክሊኒኩ የባቡር ድርጅቱ ነው፤ እንቅልፍ ያስቸገራቸው ሾፌሮች ይታከሙበታል። ሰውየውን ሁሉም «ባቡሩ» ይሉታል። ባቡር ስለሚነዳ ብቻ አይደለም፤ ሲያንኮራፋ መስኮት ያርገበግባል። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ መሃል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ትንፋሽ በተቆረጠ ቁጥር አንጎል ይጎዳል፣ የተጎዳው አንጎል ስባሪም ደም ውስጥ ይገባል። አንደኛው ብልቃጥ ሰውየው ክሊኒኩን በረገጠ ሰሞን የተቀዳ ነው፣ ሁለተኛው ዛሬ ጠዋት። ጎን ለጎን ሲመረመሩ አእምሮው ምን ያህል እንደተሸረሸረ ይናገራሉ። ሐኪሙ ግን «ጤነኛ» ብሎ ፈርሞለታል። ሰኞ መንገደኛ ጭኖ ይወጣል። የቆየው ደም ደግሞ ዛሬ ከሰዓት እንዲቃጠል ታዟል።

ጠዋት ክንዱን ስታስርለት «ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?» ብሏታል። ትናንትም ጠይቋል፣ ከትናንት ወዲያም። የውሸት ስሟን በነገረችው ቁጥር «ጥሩ ስም ነው፣ አልረሳውም» ይላል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ስትነግር ከርማለች። እትዬ እዚህ ያስገባት የስለላ ቢሮ አለቃዋ ናቸው፤ በስልክ ግን አክስቷ ይሆናሉ። በደወለች ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተረት ለመስማት ቢሆን ቤቷ መቀመጥ ትችል ነበር። ሰውየው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለቀ እነሱ «ታገሺ» ይላሉ። ዛሬ በመጨረሻው ሰዓት ሰው ላኩላት፤ የልብስ እጥበት መኪና ሾፌር፣ የምስጢር ስሙ «ሳሙና»። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብትጠይቅ «ሾፌር ነው» ብለው ዘጉት። በቢሮው ደንብ ማንም ማንን አያውቅም። ይኮሩበታል ደግሞ።

መኪናው ጓሮ ቆሟል። ሾፌሩ ዕድሜው ጠና ያለ፣ እጁ ንጹህ።

«የጎደለ አንሶላ አለ?» አለችው።

«ትራስ እንጂ አንሶላ አይጎድልም።»

ቃሉ ልክ ነው። የጠዋቱን ብልቃጥ በአንሶላው ሥር አቀበለችው።

ሰውየው ሳያስበው ብልቃጡን ቀስ አድርጎ ገለበጠው። መለሰው። እንደገና ገለበጠው።

ዓይኗ እጁ ላይ ቀረ።

ተራ ሾፌር ደም ሲያስይዙት ወይ ይጠየፋል፣ ወይ እንደ ሽሮፕ ይንጠዋል። ደም ሳይረጋም ሳይሰባበርም እንዲህ አድርጎ የሚያገላብጥ እጅ ደም ቤት፣ ደም በሚመረመርበት ክፍል፣ የኖረ እጅ ነው። እና ደም ቤት ያለው ማን ነው? ድርጅቱ።

የእነሱ ሰው ነው።

«አምጣው» አለች። «የሌላ በሽተኛ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ቶሎ በይ እህቴ፣ በረዶው ይሟሟል።»

ስለ በረዶውም ያውቃል!

ብልቃጡን ፔርሙዙ ውስጥ መልሳ ገባች። ከሚጣለው ደም ሁለት ብልቃጥ አንስታ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችለት። ወንበሩ ሥር ደበቀው፤ «በርቺ» አላት። በርቺ ይላል፣ አፈር ይብላውና። ቀጥ ብላ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ጋሼ፣ ሰላይዎ ተገኘ። መኪናው ውስጥ ነው።»

ዘበኛው ፊሽካውን ሲነፋ ፊቱ በራ። እሷ ያሰላችው ቀላል ነበር፤ ሰውየው አለቆቹን አስጠርቶ እስኪለቀቅ ድረስ ዋናው በር ባዶ ይሆናል። እንዳለችውም የበሩ ጠባቂዎች ሁሉ ወደ ጓሮ ሮጡ። ፔርሙዟን አንግታ ስትወጣ በሕንፃው ጥግ በኩል አየችው። መሬት ላይ በደረቱ አስተኝተውታል። ሐኪሙ የተገኙትን ብልቃጦች እያየ ነው።

ሰውየው ቀና አለ። አያት።

እሷን ለማስያዝ አንድ ቃል ትበቃ ነበር።

አልተነፈሰም።

ይሄ ደግሞ አፉን ምን ዘጋው፣ ብላ በንዴት አሰበች። ወጣች።

በረዶው ሳያልቅ ደሙን በገዛ እጇ መርማሪዎቹ ዘንድ አደረሰች። ሁለቱ ብልቃጦች ተናገሩ። ሰኞ ባቡሩ በሌላ ሾፌር ወጣ፤ ክሊኒኩ ታሸገ። ያ የሚያንኮራፋው ሾፌር ከሥራው ያስወረደችውን ልጅ ሊከስ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነበር አሉ። ስሟን ሲጠይቁት ብዙ አሰበና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አሁን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም አላት። ጫማ መደብር ውስጥ ተንበርክካ የሰው እግር ትለካለች። ማንም ፊቷን አያይም። እትዬ ሲደውሉ የሆዷን ሳትጠይቅ ማደር አልቻለችም።

«ያ ከሃዲስ? ተያዘ?»

«የቱ ከሃዲ?»

ስለ አገለባበጡ ነገረቻቸው። ዘበኛውን ማን እንደላከውም። እትዬ ዛሬ ተረት አልተረቱም።

«ከእጃቸው በሕይወት አልወጣም» አሉ። «ቀብረነዋል። ዕድሜውን ሙሉ የኛው ደም ቤት ነው የሠራው። ደሙ መንገድ ላይ እንዳይበላሽብሽ ብዬ እኔ ነኝ የመረጥኩልሽ።»