ዘጠኝ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰው ጥናት

ዴዝመንድ ፕሬዊት ሞቶ የተገኘው በዕቃ ሊፍቱ ውስጥ ነው።

ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን ለናይትሮጅኑ በርሜል አስደግፎ ተቀምጧል። ላየው ደክሞት ያሸለበ ይመስላል። የበርሜሉ ቫልቭ ክፍት ነበር። ሊፍቱም በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሃል ቆሟል።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን አየሩን ያባርራል። ሰው ሳያስለው፣ ሳይጨንቀው፣ በሁለት ትንፋሽ ይወድቃል። የካናዳዋ የዊኒፔግ ከተማ ፖሊስ "አደጋ ነው" አለ፤ "ቸኩሎ ከበርሜሉ ጋር ከምድር ቤት ተሳፈረ፣ ሊፍቱ ተበላሸበት።"

የሥራ ባልደረባው ሃሊና ፌዶሩክ አላመነችም። በዚያ የምርምር ሕንፃ ከበርሜል ጋር የሚሳፈር የለም። አንዱ ምድር ቤት ሞልቶ በርሜሉን ብቻውን ይልካል፤ ሌላው አምስተኛ ፎቅ ቆሞ ይቀበላል። አዲስ ሠራተኛ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ ሳይነገረው ይህን ይነገረዋል።

ለመርማሪ ኮሌት ላቫሌ የቀረውንም ነገረቻት። ስለ አንድ የልብ መድኃኒት የተጻፈ ጥናት አለ፤ በዓለም ዙሪያ በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል። እሷና ዴዝመንድ ፎቶዎቹን ሲያነጻጽሩ የታመመው ልብና የዳነው ልብ አንድ ፎቶ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ ተገልብጦ ነው። መድኃኒቱ በሚቀጥለው ወር በሕሙማን ላይ ሊሞከር ነው።

"ለማን ተናገራችሁ?"

"ጥናቱን ላሳተመው መጽሔት ከመጻፋችን በፊት ዴዝመንድ ዋናውን ፎቶ ከባለቤቶቹ ጠየቀ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሰውን ሳይጠይቁ አይከሱም።"

"ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?"

"ሙከራውን የሠራው ግሌን ቶርፊ፣ ስሙ መጀመሪያ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት አለቃችን ፕሮፌሰር ሃገርቲ ናቸው።"

"እርስዎም ከዴዝመንድ ጋር እንዳሉበት ሰዎቹ ያውቃሉ?"

"እሱን አላውቅም።"

ኮሌት ቀጥላ ፕሮፌሰር ሃገርቲን ጠየቀቻቸው።

"ምድር ቤት ሆኖ ሊፍቱን የሚያዝዘውና የሚያቆመው ቁልፍ እርስዎ ጋ አለ?"

"አለ። ግሌንም ጋ አለ።"

"ዴዝመንድን ምን አሉት?"

"እውነት ከሆነ ጥናቱን ራሴ አሰርዘዋለሁ አልኩት።"

"ይህን የሰማ ሰው አለ?"

"የሰማው ሞቷል፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ሃሊና የፕሮፌሰሩን ሳል ስትሰማ አቅጣጫ ትቀይር ጀመር። ሊፍት ትታ በደረጃ ወጣች። በደረጃም ላይ ከኋላዋ ኮቴ ሲሰማ ትቆማለች፤ ኮቴውም የቆመ ይመስላታል።

ያጽናናት ግሌን ብቻ ነበር። ቡናና ዶናት ይዞ መጣ።

"ብዪ እንጂ። አንቺም ልትሞቺብን ነው?"

"አልበላ አለኝ።"

"ያ ግትር! ስንቴ ነገርኩት። በርሜሉን በመንጠቆ ሳበው፣ ልትስብ ብለህ ሊፍቱ ውስጥ እግርህን አታስገባ እያልኩ።"

ሃሊና ዶናቱን አስቀመጠችው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዴዝመንድ ከምድር ቤት እንደተሳፈረ ነው። ሊስብ የሚገባ ሰው ግን ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ነው። ዴዝመንድ ላይ እንደነበር ግሌን በምን አወቀ?

"በነገራችን ላይ፣" አለ ግሌን አፉን እየጠረገ፣ "ነገ ጠዋት ናይትሮጅን እልካለሁ። ትቀበይኛለሽ?"

"እሺ" አለች። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም።

ሃሊና የሰማችውን ስትነግራት፣ ኮሌት የሬሳውን ፎቶ አውጥታ ዳግመኛ አየችው።

"በርሜል የሚሞላ ሰው ምን ያደርጋል?"

"እስከ ክርኑ የሚደርስ ወፍራም ጓንት። ፊቱንም ይሸፍናል።"

"የዴዝመንድ እጅ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ሞላለት ማለት ነው። ግን ማን እንደሆነ እጅ ከፍንጅ ካልያዝኩ ፍርድ ቤት ይስቅብኛል። ነገ ይደፍራሉ?"

"እፈራለሁ።"

"ይፍሩ። ብቻ እግርዎን አያስገቡ።"

ጠዋት ሃሊና አምስተኛ ፎቅ ቆመች። በሩ ተከፈተ። ነጭ ጉም ወለሉን አልፎ ጫማዋን ነካው። በርሜሉ ያፏጫል።

ስልኳ ጮኸ።

"ደረሰልሽ?" አለ ግሌን።

"ደረሰ። መንጠቆውን አጣሁት።"

"ግቢና ሳቢው። አንድ እርምጃ ናት።"

ወደ ኋላ ተራመደች፤ ጀርባዋ ግድግዳ ነካ። "እሺ፣ ገባሁ።"

በሩ ወዲያው ተዘጋ። ሊፍቱ ባዶውን ወረደ። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሃል ሲቆም ሰማችው።

ምድር ቤት፣ ከበርሜሎቹ ጀርባ የወጣችው ኮሌት የግሌንን እጅ ከነቁልፉ ያዘችው።

"ማን እንዲሞት እየጠበቅክ ነው?"

አልታገለም። ቆይቶ፣ ሃሊና ደረጃውን ይዛ ስትወርድ፣ ቀና ብሎ አያት።

"ሌላ ሠላሳ ጥናት አለኝ። ሁሉም ተደምሮ መቶ ጊዜ አልተጠቀሰም። ያ አንዱ ከተሰረዘ እኔ ማን ነኝ?"

"ዴዝመንድስ ማን ነበር?" አለችው።



ጥናቱ ተሰረዘ። በየገጹ ላይ "ተሰርዟል" የሚል ቀይ ቃል ተጋደመበት። የመድኃኒቱ ሙከራም ቆመ። ያሰረዙት ፕሮፌሰር ሃገርቲ ራሳቸው ናቸው፤ ሃሊናም ሳላቸውን ስትሰማ መሸሽ ተወች።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ቀን ኮምፒውተሯን ከፍታ ያን ጥናት ፈለገችው። ቀዩ ቃል እንዳለ ነው። ከሥሩ ያለው፣ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚያሳየው ቁጥር ግን ጨምሯል። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ጥናቱን ሳይከፍት፣ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቀድቶ፣ በሱ ላይ ተመሥርቶ ለልብ ሕሙማን መፍትሔ እየፈለገ ነው።

በማግስቱ ደግማ አየችው።

አሁንም ጨምሯል።